በክርስትና ስም የተመዘገበችው እንግዳዬ

«ትርንጎ፣ አለምነህ የሚባል ሰው አሳድረሻል?» አሉኝ ጋሼ ይማም፣ ከደጃፌ እንደቆሙ።

ከኪዳን ተመልሼ ነጠላዬን ገና ከራሴ አላወረድሁም። ጋሼ ይማም የወሎ ሰው ናቸው። ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮ ምድጃና ኩራዝ ይሠራሉ፤ ግድግዳችን አንድ ነው። በዚያ ሰዓት መዶሻቸውን ጥለው መምጣታቸው ለደግ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

«አለምነህ? ኧረ እኔ እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም» አልኋቸው።

«እንግዲያስ ጉድ ፈልቷል። ትናንት ሶማሌ ተራ ላይ ራሱን ስቶ ወድቆ ሐኪም ቤት የወሰዱት ሰው ነው። ተስቦ ነው አሉ። ‹የት አድረህ ነበር?› ቢሉት ‹ተክለ ሃይማኖት አጠገብ፣ እትዬ ትርንጎ ቤት› ብሏል። የጤና ሰውና ፖሊስ ቤትሽን እየጠየቁ ነው። እኔ በጓሮ ቀደምኋቸው።»

ልጅ ሳለሁ በአገሬ በጎጃም ተስቦ የገባበት ቤት ደጃፉ በእሾህ ይታጠር እንደነበር አውቃለሁ። የታመሙት እህል እንኳ በሩቁ ተቀምጦላቸው ነበር የሚያነሡት። ከእናቴ ወንድሞች ሁለቱ እንዲያ ታጥረው ሳሉ ነው የሞቱት።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» አልኋቸው ሳላስበው።

«አልገባም፤ አትቀየሚኝ። ልጆች አሉኝ» አሉና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ስንት ዓመት በአንድ ግድግዳ የኖርን ሰዎች!

ከዚህ በፊት ማን እንደነበርሁ በአጭሩ ላስረዳ። ከባለቤቴ ጋር ከጎጃም አዲስ አበባ የመጣነው ሥራ ፍለጋ ነበር። እሱ ነፍሱን ይማርና፣ ሦስት ክፍል ቤት ትቶልኝ አረፈ። ዘመድ የሚባል አጠገቤ አልነበረም። የአገሬ ሰዎች ቅቤና ማር ይዘው፣ ወይም ለዳኝነት ጉዳይ ሲመጡ እኔ ዘንድ ያድሩ ጀመር። ሲሄዱ ትራሱ ሥር የሚተዉልኝን ሳንቲም የእንግዳ በረከት ነው እያልሁ ተቀበልሁ።

በኋላ አንድ የማዘጋጃ ቤት ሰው መጣ። «እትዬ፣ ገንዘብ የተቀበሉበት እንግዳ እንግዳ አይደለም፤ ተከራይ ነው። እርስዎም አልጋ አከራይ ነዎት» አለኝ። ያን ቀን አለቀስሁ። በማግሥቱ ግን ማመልከቻ አስጽፌ ሄድሁ። ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር አላጓደልሁም። ፈቃዱን በመስታወት አስገብቼ ከሥዕለ አድኅኖው በታች ሰቀልሁት፤ በየዓመቱም ሳይገሠጽ የሚያሳድሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ግብሩ በአልጋ ቁጥር ተገምቶ ሲመጣ አልተከራከርሁም፤ ደረሰኙን ዳዊቴ ውስጥ አስቀመጥሁት። ግድግዳው ኖራ ይቀባል። ብርድ ልብስ እንግዳ በተለወጠ ቁጥር ፀሐይ ይመታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የእንግዳ መዝገብ አለ፤ ማታ ያደረውን ሰው ስም ጽፌ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ አሳይቼ ማኅተም አስመታለሁ። ዳዊት የደገምሁ ሴት ስለሆንሁ ጽሕፈቱ አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ የሰዉ ፍርሃት ነበር። ባላገር መዝገብ ሲያይ ይደነግጣል፤ መዝገብ ለእሱ ወይ ግብር ነው ወይ ክስ። አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም «አንቺ የአገሬ ልጅ፣ አምኜ ጎኔን ባሳርፍ ስሜን ለመንግሥት ልትሸጪው ነው?» ብለው ከደጄ ተመልሰዋል። ሌላው ዛሬ አንድ ስም፣ በሳምንቱ ሌላ ስም ይነግረኛል። እኔ ደግሞ ሐሰት በእጄ መጻፍ ፈራሁ።

አንድ ቀን መፍትሔ ያገኘሁ መሰለኝ። «እንኪያስ የክርስትና ስምህን ንገረኝ» አልሁት አንዱን። መንግሥት በዚያ ስም አያውቀውምና ወዲያው ነገረኝ። የክርስትና ስም ሐሰት አይደለም፤ ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚጠራው በእሱ ነው። በዚያ ላይ በጸሎቴ ላስባቸው ይመቸኛል። ገብረ፣ ወልደ፣ ወለተ እያልሁ መዝገቡን ሞላሁት። ጣቢያ ያለው ጸሐፊም አልጠረጠረም፤ በዓለም ስሙም ገብረ እገሌ የሚባል ሰው ሞልቷል። ሁሉም ሰው ተደሰተ። የንስሐ አባቴን እንኳ አላማከርሁም፤ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበርና።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሁለቱ ሰዎች ደረሱ። የጤናው ተቆጣጣሪ አቶ ደምሴ ይባላል፤ ኮት የለበሰ፣ የሚጣፍጥ አንደበት ያለው ወጣት ነው። ፖሊሱ ግን ፊቱ አልተፈታም።

«ፈቃድ» አለ ፖሊሱ።

አሳየሁት።

«የግብር ደረሰኝ።»

ዳዊቴን ገልጬ ሰጠሁት። አገላብጦ አየና መለሰልኝ። ትንሽ ተነፈስሁ።

«መዝገብ።»

አቶ ደምሴ መዝገቡን ተቀብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንድ ጊዜ አነበበ። ደገመው። «ከትናንት ወዲያ ማታ አለምነህ የሚባል ሰው የለም» አለ።

«ነገርሁህ እኮ» አለ ፖሊሱ። «ደብቃዋለች። ሴትዮ፣ ሰው ሳታስመዘግቢ አሳድረሽ ከሆነ ፈቃድሽም ቤትሽም እንደሚታሸግ ታውቂያለሽ? አንቺም አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

«በስመ አብ! እኔ ያደረ ሰው ሳልጽፍ ቀርቼ አላውቅም!»

«ቀጭን፣ ረጅም፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ነው» አለ አቶ ደምሴ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጠባሳ ያለበት ሰውዬ የማዕዘኑ አልጋ ላይ ያደረው ነው። ሲገባም ራሴን አመመኝ ብሎኝ ነበር። የጻፍሁት ግን በክርስትና ስሙ ነው። መሥመሩን በጣቴ አሳየሁት።

«ይሄ ገብረ ምናምን ነው የሚለው» አለ ፖሊሱ።

«የክርስትና ስሙ ነው፣ ጌታዬ።»

«ምን?»

«የሁሉም የክርስትና ስም ነው።»

ፖሊሱ መጀመሪያ የቀለድሁበት መሰለው። ቀጥሎ ሳቁ አመለጠው። «ጣቢያችንን ደብር አደረግሽው በይኛ!» አለ። አቶ ደምሴ ግን አልሳቀም። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«እትዬ፣ ይስሙኝ። ይህን በሽታ የሚያዛምተው ቅማል ነው። ቅማሉ በልብስና በብርድ ልብስ ይተላለፋል። ከሰውዬው ጋር በዚያ ክፍል ማን አደረ?»

«ሰይድ አሊ። የደሴ ነጋዴ ነው፤ በሩ አጠገብ ባለው አልጋ።»

«የእሱንስ ምን ብለው ጻፉት?»

«ሰይድ አሊ ይመር፣ ከደሴ፣ ጨርቅ ለመግዛት። እሱ እስላም ነው፤ የክርስትና ስም ከየት ያመጣል?»

«ተመስገን» አለ አቶ ደምሴ። ፖሊሱንም ሰይድን ፈልጎ እንዲያመጣ ወደ ጨርቅ ገበያው ላከው። ከዚያ ያላሰብሁትን ጥያቄ ጠየቀኝ። «ትናንት ማታስ የማዕዘኑ አልጋ ላይ ማን ተኛ?»

የማዕዘኑ አልጋ ከሁሉ የሚሞቀው ነው፤ ከበሩ ንፋስ ይርቃል። ትናንት ማታ አንዲት ልጅ እግር እናት የሦስት ወር ልጇን ይዛ በዝናብ መጣች። ባሏ ወታደር ነው፤ አምቦ በኩል ያለ ጦር ውስጥ ስለሆነ ወደ እሱ መሄዷ ነበር። ልጁን ብርድ እንዳይመታው ብዬ ያን አልጋ የሰጠኋት እኔ ነኝ። አንሶላውን ለውጫለሁ። ብርድ ልብሱን ግን ሁለት ቀን ሙሉ ስለዘነበ ፀሐይ አላስመታሁትም። ያንኑ ብርድ ልብስ በገዛ እጄ በልጁ ላይ ደረብሁለት።

«የት ናት?»

«በጠዋት ወጣች። እኔ ኪዳን ሳለሁ። የአምቦውን አውቶቡስ ለመያዝ።»

«ስሟ?»

መሥመሯን አሳየሁት። መዝገቡ ላይ «ወለተ» ብሎ የሚጀምር ስም አለ፤ ከጎኑ «ከሕፃንዋ ጋር» ይላል። ሌላ ምንም የለም። ሙሉውን እዚህ አልጽፈውም። በምሥጢር የሰጠችኝ ስም ነው፤ አንድ ጊዜ በአደባባይ ጮኼ ጠርቼዋለሁ፣ ያ ይበቃኛል።

«መልኳን የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለ አቶ ደምሴ። «ልወስድዎት ነው። ግን እንዲህ ሆነው ሰው መሐል አይገቡም።» ከቦርሳው ቅማል የሚገድለውን የዲዲቲ ዱቄት መንፊያ አወጣና ከራስ ጠጉሬ እስከ ቀሚሴ ጫፍ ነፋብኝ። አንገቴ ሥር፣ እጅጌዬ ውስጥ ሳይቀር። ወፍጮ ቤት የዋለች ሴት መሰልሁ። በደጃፋችን የቆመው ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። በጋሪ ተጫንን፤ ባለ ጋሪውም ምን እንደሆንሁ እንኳ ሳይጠይቅ ፈረሱን ገረፈ።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ የሰዉ ብዛት አይነገርም። ጆንያ፣ በግ፣ ዶሮ፣ የሚላቀስ ቤተ ዘመድ። የአምቦው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ጣራው ላይ ዕቃ ይጫናል። ሌሎችም ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ሁለት ነበሩ። ልጅ ያዘለች ሴት ስትፈልጉ አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ያላዘለች ሴት ያለች አይመስላችሁም። ሁሉም ነጠላ ለብሷል። ሁሉም ዝናቡን ፈርቶ ተሸፋፍኗል።

«ይጥሯት!» አለኝ አቶ ደምሴ።

«በምን ልጥራት?»

«በሚያውቁት ነዋ!»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራኋት። ሰዉ ዞረ። ደግሜ ጠራሁ።

«አቤት!» አለች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ። «እኔም እሱ ነኝ፤ ቁርባን ልታቀብይኝ ነው?»

«የኔም የክርስትና ስም እሱ ነው» አለች ሌላይቱ፣ ወዲያውም አፏን ያዘች።

«እማማ» አለ ትኬት ቆራጩ፣ ሆዱ የገፋ ጎልማሳ፣ «ዱቄት ላይ ወድቀው ነው ወይስ ከመቃብር ነው የተነሡት? መንገደኛ አስደነገጡብኝ እኮ!»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ከአምቦው ጀምሬ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየሮጥሁ፣ በየመስኮቱ እየተንጠራራሁ ያንን ስም እጮሃለሁ። በፊት ስሙን የምጠራው በሹክሹክታ፣ በጸሎት ነበር። አሁን ከበግና ከዶሮ ጩኸት ጋር ተቀላቀለ። ዕንባዬ ከዲዲቲው ጋር ፊቴ ላይ ይቦካል። አቶ ደምሴ በበኩሉ ሾፌሮቹን እያስቆመ ይከራከራል። «ወረቀት አለህ? የስንት አውቶቡስ መንገደኛ ላውርድልህ? የምትፈልጋት ሴት ስሟ ማነው?» ይሉታል። ስሟ ማነው ሲሉት ወደኔ ያያል። ያ አስተያየቱ እስከ ዛሬ አይለቀኝም።

ሦስተኛውን አውቶቡስ አይቼ ስመለስ የአምቦው በቦታው አልነበረም። ሄዷል።

ቆሎ የምትሸጥ አንዲት ባልቴት እጄን ያዘችኝ። «አንቺ የምትጠሪያት ቀይ ሻሽ ያሰረች፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት ናት?»

«እሷ ናት! የት አየሻት?»

«እኔው አጠገብ ቆማ ነበር። ስትጠሪ ክው ብላ ደነገጠች። ዘወር ብላ አየችሽ። እንዲያ ነጭ ሆነሽ ስታይሽማ… ‹በክርስትና ስሜ የሚጠራኝ ማነው? ወይ መተተኛ ነው ወይ መልአከ ሞት ነው› አለችና ልጁን በነጠላዋ ሸፍና አውቶቡሱ ውስጥ ገባች። ‹ሴትዮዋ ብትጠይቅሽ አላየሁም በያት› ብላኛለች። እኔ ግን አሳዘንሽኝ።»

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ማንም ሊያነሣኝ አልተጠጋም።

አቶ ደምሴ ስልክ ፍለጋ ሮጠ። ከከተማው መውጫ ያለው ኬላ አውቶቡሱን እንዲያቆም አስደወለ። እኔን ወደ ቤቴ መለሱኝ። ሰይድ ደጄ ላይ ከፖሊሱ ጋር ቆሟል፤ እሱም እንደኔ ነጭ ሆኗል።

«እትዬ ትርንጎ» አለኝ፣ «ስሜን እስከ አያቴ ጽፈሽ አስያዝሽኝ አይደል? ፖሊሱ ገበያ መሐል ‹ሰይድ አሊ ይመር!› ብሎ ሲጣራ የተዋዋልሁት ነጋዴ ሌባ ነው ብሎ ጨርቁን ነጠቀኝ!» ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር። ማልቀሴን ሲያይ ድምፁ ለሰለሰ። «ምነው፣ ክርስቲያኖቹንም እንደኔ ጽፈሻቸው ቢሆን ኖሮ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ደምሴ ተመለሰ። ኬላው አውቶቡሱን አቁሟል። አውቶቡሱ ውስጥ ሕፃን ያቀፉ አምስት ሴቶች ነበሩ። «ትናንት ማታ አልጋ ተከራይታ ያደረች ማናት?» ተብሎ ቢጠየቅ አምስቱም «ዘመድ ቤት ነው ያደርሁት» አሉ። ከአምስቱ ሁለቱ ቀይ ሻሽ ነበራቸው። በክርስትና ስም ቢጠሩ ደግሞ ማን አቤት ይላል? የኬላው ሰዎች ያላቸውን ዲዲቲ ለሁሉም ነፍተው አውቶቡሱን ለቀቁት።

«መድኃኒቱ ደርሷት ይሆናል» አለኝ አቶ ደምሴ። «ቅማሉ ከሞተ ትተርፋለች። ግን አስቀድሞ ነክሷት ከነበረ፣ ሲያተኩሳት ወዴት መሄድ እንዳለባት የሚነግራት ሰው የለም። ስሟ ያስፈለገን ለዚያ ነበር፣ እትዬ። መዝገቡ ለዚያ ነው።»

ቤቴ ዐሥራ አምስት ቀን ታሸገ፤ እኔም ከውስጥ ሆኜ። ብርድ ልብሱን አቃጠሉት፣ ፍራሹን አወጡት። ጋሼ ይማም በየጠዋቱ ምግብ በቆርቆሮ ሣህን በመስኮት ያቀብሉኝ ነበር። «ግንባርሽን ንኪ፤ ይሞቃል?» ይሉኛል። «አይሞቅም» እላለሁ። «በይ ተመስገን በይ» ይሉኛል። እኔ ግን ግንባሬን በነካሁ ቁጥር የማስበው የአንድ ሕፃን ግንባር ነው። ይሞቅ ይሆን? ማን ይነካዋል? እናቲቱ ራሷ ወድቃ እንደሆነስ? ባሏ ያለበት ሰፈር ሳትደርስ መንገድ ላይ ቀርታ እንደሆነስ? የባሏን ስም አልጠየቅኋትም፤ በሚስቱ የክርስትና ስም ሲጠየቅ ደግሞ እሱ ራሱ ምን ያውቃል? ዳዊት ልደግም ስገልጥ የግብር ደረሰኙ ይወድቃል፤ እያነሣሁ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ጠባሳ ያለው ሰውዬ ዳነ። ሰይድም እኔም አልታመምንም። ፈቃዴን ነጥቀውኝ ከብዙ ምልልስ በኋላ መለሱልኝ። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ «ሐሰት አልጻፍሽም» አሉኝ፤ ቀጥለውም «ያው ግን ሰው እንዳይገኝ አድርገሽ ጽፈሻል» አሉኝ። ቀኖናዬን ተቀበልሁ።

እናንተ አልጋ የምታከራዩ እኅቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ ፈቃዱን፣ ግብሩን፣ መዝገቡን መንግሥት ከኛ የሚፈልገው ነገር ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። ወረቀቱ ከተሟላ ዕዳዬን የጨረስሁ ይመስለኝ ነበር። ብርድ ልብስ ፀሐይ ይምታ የተባለው ለተቆጣጣሪ ዓይን አልነበረም፤ ለዚያ ልጅ ነበር። ስም ከነአባት፣ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ጻፉ የተባለው ባላገሩን ለማሳደድ ነው እያልሁ እኔም ከእንግዶቼ ጋር ፈራሁ። አሁን እንግዳ ሲመጣ «ስምህን ካልነገርኸኝ አላሳድርህም፤ ብትታመም እንድፈልግህ ነው» እለዋለሁ። ተቆጥቶ የሚመለስ አለ። ይመለስ። የክርስትና ስሙን የሚነግረኝ ካለ በልቤ እይዘዋለሁ እንጂ ወረቀት ላይ አላሰፍረውም።

ያ ልጅ ተርፎ ከሆነ ይኸኔ አፉን ፈትቶ ይሮጣል።

በዚያ ጠዋት በአምቦው አውቶቡስ የተሳፈራችሁ፣ ኬላው ላይ ወርዳችሁ ዲዲቲ የተነፋባችሁ፣ እባካችሁ አስታውሱልኝ። ቀይ ሻሽ ያሰረች፣ ልጇን በነጠላዋ የሸፈነች፣ ሰው ሲያያት የምትደነግጥ ልጅ እግር ሴት ከጎናችሁ ተቀምጣ ነበር። የት ወረደች? ማን ተቀበላት? እህል ውኃ ስትካፈሉ ስሟን ነግራችሁ ይሆናል፤ መንገደኛ ለመንገደኛ ይናገራል። የምትጠራበትን፣ ጎረቤት የሚያውቃትን ስም ንገሩኝ። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ እትዬ ትርንጎ ብሎ የጠየቀ ሰው ቤቴን አያጣውም። እሷም ብታነብበው፣ ወይም ሰው ቢያነብላት፦ ያን ቀን የጠራሁሽ እኔ ነኝ፣ ልጄ። መልአከ ሞት አይደለሁም፤ አልጋ ያከራየሁሽ ሴት ነኝ። ደኅና መሆናችሁን ብቻ ላኪብኝ።